ውድ ጫማና ልብስ ከመግዛትዎ በፊት፦ ተፈትቶ ይሰፋል ወይ?

ጥያቄ፦ «በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ እገባለሁ። ሁለቱን ቀን ሙሉ ልብስ፣ በቀሩት ቀናት ሸሚዝና ሱሪ እለብሳለሁ። የምገዛው ርካሽ ጫማ ስለሆነ በዓመት ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። ጓደኞቼ ‹አንዴ ውዱን ገዝተህ ተገላገል› ይሉኛል። እውነት ውድ ልብስና ጫማ ገንዘቡን ያወጣል? ወይስ የምንከፍለው ለስሙ ነው? ያገለገለ ሙሉ ልብስ መግዛትስ እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ ጫማ ላይ አዎ፣ ያወጣል፤ ግን እስከ ተወሰነ ዋጋ ድረስ ነው። ሙሉ ልብስ ላይ ትከሻው ልክዎ ከሆነና ውስጡ በሙጫ ካልተለጠፈ ያወጣል። ሸሚዝ ላይ ግማሽ በግማሽ ነው። ቲሸርት፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ ላይ ብዙ አይድከሙ። እነዚህን የሚለያቸው ዕቃው ሲጎዳ ተፈትቶ መልሶ መሠራቱ ወይም መጣሉ ነው። ተፈትቶ ለማይሠራ ነገር አምስት እጥፍ የከፈለ ሰው የሚጥለውን ነገር በአምስት እጥፍ ገዛ ማለት ነው።

ከጫማ እንጀምር፤ ልዩነቱ አፍጥጦ የሚታየው እዚያ ነው። ጫማ የሚያልቀው ከሥሩ ነው። የላይኛው ቆዳ ጥሩ ከሆነና ከተያዘ ሦስት ሶል ይቀብራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር በምን እንደተያያዘ ነው። በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈው ጫማ የሚለቀው ብዙውን ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ በሚታጠፍበት በጣቶቹ መነሻ በኩል ነው፤ ያኔ አፉን ይከፍታል። መልሶ ማጣበቅ ይቻላል፤ ሆኖም ሶሉ ራሱ ካለቀ አዲስ ሶል በዚያው ልክና ቅርጽ ማግኘት ያስቸግራል። ሶሉ ከፖሊዩሬቴን አረፋ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ይህ ቁስ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ ሳይደረግ ካርቶን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ አንድ ቀን ሲያደርጉት ሶሉ እንደ አሮጌ ስፖንጅ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። ለክብር ቀን ብሎ ጫማ የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ይወቅ።

ሁለተኛው አሠራር ብሌክ ይባላል። መርፌው ከጫማው ውስጥ ተነሥቶ የውስጠኛውን ሶል፣ የላይኛውን ቆዳ ጠርዝና የታችኛውን ሶል በአንድ ስፌት ይወጋል። ጫማው ቀጭን፣ ቀላልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለስላሳ ይሆናል። ሶሉም ይቀየራል፤ ግን ከውስጥ የሚሰፋ ልዩ መኪና ያለው ጫማ ሰፊ ያስፈልጋል። ጉድለቱ ስፌቱ ከመሬት እስከ እግርዎ ቀጥታ መዝለቁ ነው፤ ሶሉ ሲሳሳ ውኃ በክሩ ቀዳዳ ሽቅብ ይገባል።

ሦስተኛው ጉድየር ዌልት የሚባለው ሲሆን መኪናው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። በውስጠኛው ሶል ሥር ዙሪያውን ከንፈር የመሰለ ጠርዝ አለ። ዌልት የሚባለው ጠባብ የቆዳ ጥብጣብ ከላይኛው ቆዳና ከገበሩ ጋር አብሮ በዚህ ጠርዝ ላይ ይሰፋል። ከዚያ የታችኛው ሶል ለብቻው ከጥብጣቡ ጋር ይሰፋል። በሁለቱ ሶሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በቡሽ ይሞላል፤ ቡሹ በክብደትዎ እየተጫነ ጥቂት ሳምንት ውስጥ የእግርዎን ቅርጽ ይይዛል። ሶሉ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው የሚፈታው የታችኛውን ስፌት ብቻ ነው። የላይኛው ቆዳ መርፌ አይነካውም። የገንዘቡ ትርጉም እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን የሚያስመስሉ ብዙ ናቸው። በማስቲሽ የተለጠፈ ጫማ ዙሪያውን የፕላስቲክ ጥብጣብ አድርገውለት ክር የመሰለ መስመር ያትሙበታል። እንዲህ ይፈትሹት። ጫማውን ገልብጠው ከሥር ይመልከቱ፤ ከላይ በጥብጣቡ ላይ የሚታየው ስፌት ከሥርም መውጣት አለበት፣ ወይ ራቁቱን ወይ ጎድጎድ ባለ ቦይ ውስጥ ተቀምጦ። በቆዳ ሶል ላይ ቦዩ ተከድኖ ስፌቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ያኔ በሶሉ ጠርዝ ዙሪያ የመዘጊያውን ቀጭን መስመር ይፈልጉ። ከላይ ስፌት ኖሮ ከሥር ምንም ከሌለ ጌጥ ነው። ቀጥሎ እጅዎን ወደ ውስጥ ይክተቱና የውስጥ ንጣፉን ጠርዝ ገለጥ ያድርጉ፤ ከሥሩ ዙሪያውን የሚሄድ ስፌት ካገኙ ብሌክ ነው፤ ምንም ስፌት ከሌለና ከውጭ ያለው እውነተኛ ከሆነ ጉድየር ነው። የመጨረሻው ምልክት ጥብጣቡ ራሱ ነው። እውነተኛው ጥብጣብ ተቆርጦ የተገጠመ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ታኮው አካባቢ ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ይታያል።

ጉድየር ስለሆነ ብቻ ግን ሁሉ ነገር አልቋል ማለት አይደለም። በአብዛኞቹ ከፋብሪካ በሚወጡ ጫማዎች ያ ከንፈር መሰል ጠርዝ በሙጫ የተለጠፈ የሸራ ጥብጣብ ነው፤ ሶል በተቀየረ ቁጥር መኪናው ያናጋዋል። በእጅ የሚሰፋው ጠርዙ ከራሱ ከቆዳው ተቀርጾ የወጣ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይርቃል። ለቢሮ ሰው የፋብሪካው ይበቃል።

ሶል የሚያስቀይር አሠራርም ቆዳው መጥፎ ከሆነ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው የላይኛው ገጹ ያልተፋቀ ቆዳ ነው። ጠባሳና እከክ ያለበት ቆዳ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅና ከላዩ ወፍራም ቀለምና የፕላስቲክ ልባስ ይቀባል፤ ሱቅ ውስጥ ከጥሩው የበለጠ ያበራል። ጣትዎን ከውስጥ አድርገው የፊቱን ቆዳ ወደ ላይ ገፋ ያድርጉት። ጥሩ ቆዳ ብዙና ደቃቅ መስመሮች ያወጣና ሲለቁት ይመለሳል። የተፋቀው ደግሞ ጥቂትና ወፍራም እጥፋት ያሳያል፤ ከወራት በኋላ በዚያው እጥፋት ልባሱ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን ምንም ቀለም አያድነውም። «እውነተኛ ቆዳ» የሚል ማኅተም ብዙ አይነግርዎትም፤ ከሥር የተገፈፈው ስስ ሽፋንም ቆዳ ነውና። ገበሩንም ይንኩ፤ የቆዳ ገበር ላብ ይጠጣል፣ የፕላስቲኩ እዚያው ያስቀረዋል።

አሁን ስሌቱ። እርስዎ የሚገዙትን ጫማ ዋጋ አንድ እንበለው። በዓመት ሁለት ከሆነ በ10 ዓመት 20 ከፈሉ። ዋጋው አምስት የሆነ ጫማ አንድ ብቻ ገዝተው በየቀኑ ቢያደርጉት ግን አያዋጣዎትም። ቀን ሙሉ ላብ የጠጣ ቆዳ በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ እርጥብ እንዳለ ሲታጠፍ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ጫማ ያስፈልጋል፤ ይህ 10 ነው። እያንዳንዱ በ10 ዓመት ሁለት ጊዜ ሶል ቢቀየርለት፣ ለአንዱ ቅያሪ አንድ ብንል፣ 4 ይጨመራል። ጫማው ውስጥ ለሚገባ የእንጨት ፎርማ፣ ለብሩሽና ለቀለም 1 ያክሉ፤ ድምሩ 15 ሆነ። አተረፉ። ዋጋው አምስት ሳይሆን ስምንት ቢሆን ድምሩ 21 ይደርሳል፤ ያኔ ርካሹ በለጠ። በዚህ ስሌት ማረፊያው ሰባት ተኩል እጥፍ ላይ ነው። የራስዎን ቁጥር አስገብተው ያስሉት። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ለእጅ ሥራ ውበት፣ ለብርቅ ቆዳና ለስም ነው፤ ደስ ካለዎት ይክፈሉ፣ ግን ቁጠባ ብለው አይጥሩት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጫማው ልክ ከሆነ ነው። እግር ከሰዓት በኋላ ያብጣል፤ የሚለካውም ያን ጊዜ ነው፣ ሁለቱም እግር፣ በሚያደርጉት ካልሲ። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ይተዉ። የጫማው ሰፊ ቦታ ከእግርዎ ሰፊ ቦታ ጋር መገጠም አለበት፤ ካልገጠመ ጫማው በተሳሳተ ቦታ ይታጠፋል። ማሰሪያው ሲታሰር ሁለቱ ክንፎች በአዲስነቱ ሙሉ በሙሉ ከተነካኩ ጫማው ሰፊ ነው፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው፣ ቆዳው ወደ ጎን ይሰፋልና። ወደ ርዝመት ግን አይሰፋም። «ስታደርገው ይለቅልሃል» የሚል ሻጭ ስለ ስፋቱ ከሆነ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ስለ ርዝመቱ ከሆነ አይስሙት።

አያያዙ ከባድ አይደለም። እንዳወለቁት ያልተቀባ የእንጨት ፎርማ ያስገቡ፤ ላቡን ይስባል፣ እጥፋቱንም ይዘረጋል። ቢያንስ አንድ ቀን ያሳርፉት። ከዘነበበት ጋዜጣ ጠቅጥቀው በጎኑ ያስተኙት፤ እሳትና ማሞቂያ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ካደረጉት በኋላ በጥቂት ክሬም ያውዙት። ማሰሪያውን ሳይፈቱ በግድ አያጥልቁት፤ የተረከዙ ጀርባ የሚሰበረው በዚህ ነው። የታኮውን ጎማ ደግሞ ከሥሩ ወዳለው ቆዳ ሳይደርስ ያስቀይሩ፤ ጎማ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፣ የተበላ ታኮ ግን ተነቅሎ እንደገና ይገነባል። የቆዳ ሶል እርጥብ መሬት ላይ ያንሸራትታል፣ ቶሎም ይበላል፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ጎማ ከፊት ማስለጠፍ ይሻላል። ጫማ ሰፊው ለማስለጠፍ ብሎ ቆዳውን በጣም እንዳይፍቅ ቆመው ይዩ።

ወደ ሙሉ ልብስ እንምጣ። የኮት ፊት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጨርቁና በገበሩ መካከል ሌላ ጨርቅ ስላለ ነው። ርካሹ ላይ ይህ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎ በሙቀት ተተኩሷል። ጥሩው ላይ የፈረስ ፀጉር የተቀላቀለበት ሸራ ነው፤ በላላ ስፌት ይያዛል እንጂ አይጣበቅም። ወይ ከትከሻ እስከ ታች ይወርዳል፣ ወይ ደረቱ ላይ ያበቃል። የተለጠፈው በላውንደሪው መድኃኒትና በካውያው ሙቀት ሙጫው ቦታ ቦታ ይለቅና ደረቱ ላይ እንደ ውኃ ቋጠሮ አረፋ ያወጣል። አረፋ ያወጣ ኮት አይጠገንም። ሸራው በሰውነት ሙቀት እየተላመደ ደረትዎን ይይዛል፤ የልብስ ሰፊ መቀስ ቢነካውም ተመልሶ ይሰፋል።

ለመለየት ከታችኛው ቁልፍ ቀዳዳ ዝቅ ብለው የውጩን ጨርቅ በአንድ እጅ ጣቶች፣ የውስጡን በሌላው ቆንጥጠው ያላቅቁ። በመካከላቸው ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ነገር ጣትዎ ላይ ከመጣ ሙሉ ሸራ ነው። ሁለት ብቻ ከሆነና የውጩ ደረቅ ከሆነ እዚያ ቦታ ተለጥፏል። ያኔ ወደ ደረቱ ከፍ ብለው እንዲሁ ይቆንጥጡ፤ እዚያ ሦስተኛው ከተገኘ ግማሽ ሸራ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚለብስ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ደህና ሆኖ የተለጠፈ ኮትም ላውንደሪ ካልበዛበት ዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ማጣጣል አይገባም፣ ብቻ በሸራ ዋጋ አይግዙት።

ስለ ጨርቁ የሚነግርዎት «ሱፐር» የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ የሱፉ ፀጉር ቅጥነት ነው፤ ሱፐር 100 የፀጉሩ ውፍረት ቢበዛ 18.75 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ)፣ ሱፐር 120 ደግሞ 17.75፣ ሱፐር 150 እስከ 16.25 ነው። ብዙ ሰው ከፍ ያለውን የተሻለ ይመስለዋል። ከፍ ያለው ለስላሳ ነው፣ ያምራል፤ ግን ይጨማደዳል፣ ወንበር ላይ ቶሎ ያብለጨልጫል፣ የሱሪው ጭን ቶሎ ይሳሳል። ዘወትር ለሚለበስ ከ100 እስከ 120 ይምረጡ፣ ክብደቱም በአንድ ሜትር ከ260 እስከ 320 ግራም ይሁን። እጅጌውን በጡጫዎ ጨብጠው አሥር ቁጠሩና ይልቀቁት፤ ጭምድዱ እያዩት ከተዘረጋ ጥሩ ነው። እንደተኮማተረ ከቀረ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ የተኙበት ይመስላል።

ከጨርቁም ከሸራውም በላይ ግን ትከሻ ይበልጣል። የልብስ ሰፊ ወገብ ያጠብባል፣ እጅጌ ያሳጥራል፣ የሱሪ ቅምቅማት ያስተካክላል። ትከሻ ማጥበብ ግን ኮቱን አፍርሶ መሥራት ነው። ርዝመቱንም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ካሳጠሩት ኪሱና ቁልፉ ቦታቸውን ያጣሉ። ግድግዳ አጠገብ በጎንዎ ይቁሙና ጠጋ ይበሉ፤ ክንድዎ ሳይነካ የኮቱ ትከሻ ቀድሞ ከተጨፈለቀ ሰፍቶዎታል። አንገቱ ላይ የኮቱ ኮሌታ ከሸሚዙ ኮሌታ ሳይርቅ ይቀመጥ። እጅጌው ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቁልፎች ካሉ፣ ሻጩ እንደ ጥራት ምልክት ያሳይዎታል፤ ለእርስዎ ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳው ስለተቀደደ እጅጌውን ከታች ማሳጠር አይቻልም፣ ከትከሻ ተፈትቶ ነው የሚሠራው። ለዚህም የማስተካከያ ገንዘብ ከበጀቱ ቀድመው ይቁረጡ። ልኩ የተስተካከለ መካከለኛ ኮት፣ ትከሻው የወረደ ውድ ኮት ያስንቃል።

ሱሪው ከኮቱ ቀድሞ ያልቃል። ከተቻለ ከአንድ ጨርቅ ሁለት ሱሪ ይግዙ፤ ላውንደሪ ሲልኩ ኮቱንና ሁለቱንም አንድ ላይ ይላኩ፣ ቀለማቸው እኩል እንዲለቅ። ሱሪውን ገልብጠው የኋላውን መሃል ስፌት ይዩ፤ ወደ ውስጥ የተተወ ጨርቅ በየጎኑ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ ሲወፍሩ ይለቀቅልዎታል። ርካሽ ሱሪ ላይ እስከ ጥፍሩ ተቆርጧል።

ሸሚዝ ላይ ልዩነቱ በስፌቱ ይታያል። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 7 ወይም 8 ስፌት ጥሩ ነው፤ 4 ከሆነ ችኮላ ነው፣ ከታጠበ በኋላ ጎኑ ይኮማተራል። ክሩ ድርብ የሆነ ጥጥ ይቆያል። እዚህም የመጠገን ነገር አለ፤ የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ያልተነካው ጎን ወደ ላይ ይወጣል። የኮሌታው ሁለት ጫፎች ከሸሚዙ ጋር በቁልፍ የሚያያዙ ከሆነ ግን አይገለበጥም። የዕንቁ ቅርፊት ቁልፍ ደስ ይላል፤ እጅ ውስጥ ቀዝቀዝ ይላል፤ ዕድሜ ግን አይጨምርም።

ቀበቶ ሲገዙ ጠርዙን ይዩ፤ ከአንድ ወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ይሻላል፤ ሁለት ስስ ቆዳ መሃላቸው ካርቶን ተሞልቶ የተጣበቀው ቀዳዳው ላይ ይላላጣል። ሹራብ ላይ ካሽሚር የሚባለው የፍየል ፀጉር ከሜሪኖ በግ ሱፍ የበለጠ ይለሰልሳል እንጂ የበለጠ አይቆይም፤ አጫጭር ፀጉር የተገመደበት ካሽሚር ወዲያው ድብልብል ያወጣል። ቲሸርት በካሬ ሜትር ከ180 እስከ 220 ግራም የሆነ፣ የጎን ስፌቱ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይበቃል። ከሱቁ ገና ሳይወጣ ወደ ሆድ የዞረ ስፌት ሲታጠብ ይብሳል። ለቲሸርት ስም አይክፈሉ።

ለእርስዎ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ አንድ ጥቁር ወይም ቡናማ የሚሰፋ ጫማ ከነፎርማው፣ ከወራት በኋላ ሁለተኛው፣ ከዚያ ኮቱ። ያለዎት ሙሉ ልብስ ትከሻው ልክ ከሆነ አይቸኩሉ፤ ልብስ ሰፊ ጋር ይውሰዱት።

ያገለገለ ልብስ ላነሱት፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሸራ ያለውን ኮት በተለጠፈው ዋጋ የሚያገኙበት መንገድ ነው። ያገለገለ ጫማ ግን አልመክርም፤ ቡሹ የሌላ ሰው እግር ይዟል። ኮቱን ቀን ብርሃን ላይ ያውጡት። ደረቱን ከጎን ጋደል አድርገው አረፋ ይፈልጉ። ክርኑን፣ የኪሱን አፍና የኮሌታውን እጥፋት ይዳስሱ። ብብቱን ገልብጠው ገበሩን ይዩ፤ ገበር ይቀየራል፣ በላብ የደረቀ ጨርቅ ግን አይቀየርም። ሱሪውን ደግሞ በሁለት እጅዎ ከፍ አድርገው መቀመጫውንና የጭኑን ውስጥ ወደ ብርሃኑ ያዙሩ፤ የብል ቀዳዳ እንደ መርፌ ነጥብ ያበራል፤ የሳሳው ቦታ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ብርሃን ያሳልፋል። ኮቱ ደህና ሆኖ ሱሪው እንዲህ ከሆነ ለኮቱ ብቻ ይከራከሩ።